የአንድ ቀን ጫጩት ማሳደጊያ፦ ሙቀት፣ ብርሃንና ቤት በወልቂጤና በቡታጅራ

የአንድ ቀን ዕድሜ ያለው ጫጩት ከመፈልፈያ ጣቢያ በካርቶን ተጭኖ ወልቂጤ ወይም ቡታጅራ ሲደርስ ክብደቱ ከ40 ግራም ብዙም አይበልጥም። ገላው በላባ ሳይሆን በለስላሳ ጸጉር ብቻ የተሸፈነ ነው፤ የሰውነቱን ሙቀት በራሱ መቆጣጠር የሚጀምረውም ሁለት ሳምንት ገደማ ካለፈው በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ መኖር አለመኖሩን የሚወስነው አሳዳጊው ያዘጋጀለት ሙቀት ነው። ብድር ተወስዶ የተገዙ ጫጩቶች በመጀመሪያው ሳምንት ሲያልቁ ምክንያቱን በሽታ ነው ማለት የተለመደ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ገዳዩ ብርድ፣ መታፈን ወይም ጥማት ሆኖ ይገኛል።

የሌማት ትሩፋት መርሃ ግብር በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም በአርባ ምንጭ ይፋ ከተደረገ ወዲህ የአንድ ቀን ጫጩት እየተረከቡ እስከ 45 ቀን አሳድጎ ለአርሶ አደሩና ለከተማው ነዋሪ መሸጥ ለተደራጁ ወጣቶችና ሴቶች አንዱ የሥራ መስክ ሆኗል። ሳሶ፣ ቦቫንስ ብራውንና ኮኬክ በመባል የሚታወቁት ዝርያዎች በዚህ መልክ ወደ የቤቱ ይገባሉ። እነዚህ ጫጩቶች በመፈልፈያ መሣሪያ የተፈለፈሉ በመሆናቸው እናት የሏቸውም። የአገር ውስጥ ዶሮ በክንፏ ሥር አቅፋ የምትሰጠውን ሙቀት፣ ከድመትና ከጭልፊት የምታደርገውን ጥበቃ፣ ውኃና ጥሬ የማሳየት ሥራዋን ሁሉ አሳዳጊው መተካት ይኖርበታል።

ሁለቱ ከተሞች በአየር ጠባያቸው አንድ አይደሉም። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ወልቂጤ፣ የጉራጌ ዞን መቀመጫ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ 900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን ከእርሷ ወደ ግቤ ሸለቆ በተወረደ ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል። የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ የሆነችው ቡታጅራ ደግሞ 2 ሺህ 100 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከፍታው ከ3 ሺህ 700 ሜትር በላይ በሚደርሰው የጉራጌ ተራራ ግርጌ ትገኛለች። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ከተራራው የሚወርደው ብርድ ለአዋቂ ሰውም የሚሰማ ነው። በመሆኑም ለግቤ ቆላ የሚበቃ ዝግጅት ለቡታጅራ ላይበቃ ይችላል።

በመጀመሪያው ሳምንት ጫጩቶቹ ባሉበት ቦታ የሚያስፈልገው ሙቀት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ከ2 እስከ 3 ዲግሪ እየቀነሰ ወደ 21 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል። ልኬቱ የሚወሰደው በጫጩቱ ጀርባ ቁመት፣ ማለትም ከጉዝጓዙ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነው። ሙቀት ወደ ላይ ስለሚወጣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቴርሞሜትር ለሰው እንጂ ለጫጩት አይናገርም። ቤቱም ጫጩቶቹ ከገቡ በኋላ ሳይሆን ከመግባታቸው አንድ ቀን አስቀድሞ መሞቅ አለበት፤ አምፖሉ አየሩን ቢያሞቅም ቀዝቃዛ የሲሚንቶ ወለል በእግራቸው በኩል ሙቀታቸውን ይወስድባቸዋልና።

የቤቱ አሠራር ውድ መሆን አይጠበቅበትም። ደረቅ፣ ከነፋስ የተከለለ፣ ጣሪያው የማያፈስና ሸለምጥማጥ፣ አይጥና ድመት የማያስገባ አንድ ክፍል ይበቃል። በቤቱ ውስጥ በካርቶን፣ በሰሌን ወይም በላሜራ 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመት ያለው ክብ አጥር ይሠራል። ክብ የመሆኑ ነገር እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። ጫጩት ሲበርደው ወይም ሲደነግጥ ወደ ማዕዘን እየተገፋ ይከመራል፤ ከሥር ያሉትም ታፍነው ይሞታሉ። ጠዋት በክፍሉ ጥግ ተነባብረው ሞተው የሚገኙ ጫጩቶች ይህን ይመሰክራሉ። ማዕዘን የሌለው አጥር አደጋውን በእጅጉ ይቀንሰዋል። አጥሩ በየጥቂት ቀኑ እየሰፋ ሄዶ ጫጩቶቹ አንድ ወር ሲሞላቸው በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ከ20 የማይበልጡ እንዲሆኑ ይደረጋል።

ለጉዝጓዝ የእንጨት ሰጋቱራ ወይም የጤፍ ጭድ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይነጠፋል። በጉራጌ እንደ ልብ የሚገኘው ደረቅ የእንሰት ቅጠል ተቆራርጦ ለዚሁ አገልግሎት ሊውል የሚችለው ፈጽሞ ሲደርቅ ብቻ ነው። እርጥበት የያዘና የሻገተ ማንኛውም ጉዝጓዝ የሻጋታ ብናኙ ወደ ጫጩቱ ሳንባ ገብቶ ይገድላል። ጋዜጣ ብቻ ማንጠፍም አይመከርም፤ የሚያንሸራትት በመሆኑ የጫጩቱ እግሮች ወደ ጎን ተንሸራተው ሽባ ሊያደርጉት ይችላሉ።

ሙቀት ለመስጠት ኤሌክትሪክ ባለበት ከተማ ቀላሉ መንገድ አምፖል ነው። ይሁን እንጂ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ጫጩት የሚያሞቀው ክሩ ግሎ የሚያበራው የቀድሞው ዓይነት አምፖል ነው፤ ከሚወስደው ኃይል ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ወደ ሙቀት ይለወጣልና። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው ኤልኢዲ አምፖል ኃይል ቆጣቢ የተባለው ያንኑ ሙቀት ስለማያባክን ነው። ለቤት ያለው መልካምነቱ ለጫጩት ጉድለት ይሆናል። ከዐሥር በማይበልጥ ዋት ልክ እንደ ባለ 60 ዋቱ ቦግ ብሎ ቢያበራም ሥሩ ያሉት ጫጩቶች በብርሃን ተከበው በብርድ ይሞታሉ። በመሆኑም ባለ 60 ወይም ባለ 100 ዋት የቀድሞ አምፖል፣ ከተገኘም ለዚሁ ሥራ የተሠራው ባለ 250 ዋት ቀይ የኢንፍራሬድ አምፖል ያስፈልጋል።

አንድ ባለ 250 ዋት አምፖል በደጋማው አካባቢ ከ50 እስከ 75 ጫጩቶች ያሞቃል። ከጉዝጓዙ 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይሰቀልና በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየተነሣ ሙቀቱ ይቀነሳል። ሌት ተቀን ሲበራ በቀን 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ይቆጥራል፤ ይህን ወጪ አስቀድሞ ያላሰላ አሳዳጊ በሁለተኛው ሳምንት አምፖሉን ለማጥፋት ይፈተናል። ከአንድ ትልቅ አምፖል ይልቅ ሁለት ወይም ሦስት አነስተኛ አምፖሎችን መስቀል ይመረጣል፤ አንዱ እኩለ ሌሊት ላይ ቢቃጠል ሌላው እስኪነጋ ያደርሳቸዋልና።

አምፖሉ የሚሰቀለው በሰንሰለት ወይም በጠንካራ ሽቦ እንጂ በኤሌክትሪክ ገመዱ አይደለም። በጭድ ላይ የወደቀ የጋለ አምፖል በደቂቃዎች ውስጥ ቤቱን ያነዳል፤ በእንጨትና በጭቃ የተሠራ ቤት ደግሞ ከጎረቤቱ ተለይቶ አይቃጠልም። የኢንፍራሬድ አምፖል የሚገባበት ሆልደር ሙቀት የሚችል የሸክላ ዓይነት መሆን አለበት፤ የፕላስቲኩ ይቀልጣል። ገመዱ አይጥ በማይደርስበት በኩል ይዘረጋል፤ የአምፖሉ ዙሪያም በሽቦ ወንፊት ይከለላል። የውኃ ዕቃ ከአምፖሉ ቀጥታ ሥር አይቀመጥም፤ ከጋለ መስታወት ጋር የተገናኘ ጠብታ አምፖሉን ያፈነዳዋል።

መብራት ሲቋረጥ ምን ይደረጋል የሚለው ጥያቄ ጫጩቶቹ ከመምጣታቸው በፊት መልስ ማግኘት አለበት። የተለመደው መልስ ከሰል ነው። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ግን ቀለምም ሽታም የለውም። በደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚያጓጉዘው ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በጠነከረ ኃይል በመሆኑ ጥቂቱ እንኳ ሰውን በእንቅልፉ ይዞት ይሄዳል። ጭሱ አልቆ ፍሙ የቀላ ከሰል አደጋ የለውም የሚለው እምነት ፍጹም ስሕተት ነው፤ ጭስ አለመኖሩ ጋዝ አለመኖሩን አያሳይም። የሣር ክዳን ያለው የጉራጌ ጎጆ ጭሱን በክዳኑ በኩል ያስወጣል። ቆርቆሮ ለብሶ፣ ግድግዳው ተለስኖ፣ ለጫጩት ሲባል ቀዳዳው ሁሉ በላስቲክ የተደፈነ ክፍል ግን እንዲህ ያለ መተንፈሻ የለውም።

ስለዚህ ከሰል የግድ ከሆነ የሸክላ ምድጃው ውጭ ተቀጣጥሎ ይገባል፤ ከጫጩቶቹ በሽቦ ይከለላል፤ ከጣሪያው ሥር ሰፋ ያለ የአየር መውጫ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ሆኖ ያድራል። ከሁሉ በላይ ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ አይተኛም። ጫጩቶቹን ልጠብቅ ብሎ አጠገባቸው መተኛት የቀና አሳብ ቢሆንም የቤተሰብን ሕይወት የሚያሳጣ ነው፤ በተለይ ሕፃናትና ነፍሰ ጡር እናቶች ባሉበት ቤት። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት የተሰማው ሰው ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ አየር ወጥቶ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባዋል።

ለአጭር ጊዜ መቋረጥ ከከሰል የተሻለ መላ አለ። የፈላ ውኃ በጀሪካን ተሞልቶ፣ በጨርቅ ወይም በኬሻ ተጠቅልሎ በክቡ መካከል ቢቀመጥ ለተወሰኑ ሰዓታት ሙቀት ይሰጣል፤ ጫጩቶቹም ተጠግተውት ያድራሉ። ክቡ ጠበብ ተደርጎ ከላይ በከፊል በብርድ ልብስ ቢሸፈን ሙቀቱ ይቆያል፤ አየር መግቢያው ግን አይዘጋም።

መብራት ላልደረሰባቸው በከተሞቹ ዙሪያ ላሉ ቀበሌዎች ደግሞ የሣር ሳጥን የሚባለው ማሳደጊያ አለ። በጅማ የግብርና ኮሌጅ ተሞክሮ ወደ አርሶ አደሩ የወረደው ይህ ዘዴ ነዳጅም ኤሌክትሪክም አይፈልግም። ከሁለት ሣጥኖች መካከል ያለው ክፍተት በደረቅ ሣር ይታጨቃል፤ ክዳኑም እንዲሁ። ጫጩቶቹ በመካከለኛው ክፍል ገብተው ከራሳቸው ገላ የሚወጣው ሙቀት እንዳይባክን ሣሩ ያግደዋል። ቀን ቀን በሽቦ በተከለለ መስክ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ይመገባሉ። ዘዴው የሚሠራው ቁጥራቸው 50 ያህል ሲሆን ነው፤ ዐሥር ጫጩት ሣጥኑን ለማሞቅ አይበቃም። ዐሥር ብቻ ላለው ሰው ከሣጥንም ከአምፖልም የምትሻለው ያቀፈች የአገር ውስጥ ዶሮ ናት። ከ10 እስከ 15 የአንድ ቀን ጫጩት በሌሊት በክንፏ ሥር ቢጨመርላት አብዛኛውን ጊዜ እንደ ልጆቿ ትቀበላቸዋለች።

ብርሃንና ሙቀት ከአንድ አምፖል ቢወጡም ሥራቸው የተለያየ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ጫጩቱ ውኃና መኖውን እንዲያገኝ 23 ሰዓት ያህል ብርሃን ይሰጠዋል። የቀረችው አንዷ ሰዓት ጨለማን እንድታስለምደው ነው፤ ጨለማ የማያውቅ ጫጩት መብራት ድንገት ሲጠፋ ተደናግጦ ይረጋገጣል። ከዚያ በኋላ ብርሃኑ ቀስ በቀስ ወደ ተፈጥሮው ቀን ይቀነሳል፤ በዚህ አካባቢ በክረምትና በበጋ መካከል የቀኑ ርዝመት ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ በመሆኑ 12 ሰዓቱ በቂ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ነጭ ብርሃን ሥር የሚያድሩ ጫጩቶች እርስ በርስ መነቃቀር ይጀምራሉ፤ ቀዩ አምፖል የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ለእንቁላል የታሰቡ ቄቦች ሳይጎረምሱ ብርሃን ከበዛባቸው ሰውነታቸው ሳይጠና ወደ እንቁላል ይገባሉ፤ እንቁላላቸውም አነስተኛ ይሆናል።

ቴርሞሜትር የሌለው አሳዳጊ ጫጩቶቹን ራሳቸውን ማንበብ ይችላል። ከአምፖሉ ሥር ተጠጋግተው ተደራርበው ሲጮኹ በርዷቸዋል ማለት ነው። ከአምፖሉ ርቀው፣ አፋቸውን ከፍተው ሲያለከልኩና ክንፋቸውን ሲጥሉ ሙቀቱ በዝቷል። ሁሉም ወደ አንድ ወገን ከተሰበሰቡ በሌላው በኩል ነፋስ ይገባል። በክቡ ውስጥ በእኩል ተበታትነው የሚበሉት እየበሉ፣ የሚተኙት ተዘርግተው ተኝተው ድምፃቸው ለስለስ ያለ ከሆነ ሁሉም ደኅና ነው። ይህ ምልከታ የሚደረገው ቀን ላይ ብቻ ሳይሆን ብርዱ በሚጠናበት ከሌሊቱ 10 ሰዓት አካባቢም ነው።

ከመንገድ የደረሱ ጫጩቶች መጀመሪያ የሚያገኙት ውኃ ነው፤ ለብ ያለና ጥቂት ስኳር የተጨመረበት ቢሆን ይበረታታል። ጫጩት ከእንቁላሉ በቀረው አስኳል ለሁለት ቀን ያህል ሊቆይ ቢችልም ይህ ጊዜ በመጓጓዣ ላይ ስለሚያልቅ መዘግየት አይገባም። ውኃው ጠለቅ ባለ ዕቃ ከቀረበ ንጹሕ ጠጠር ይጨመርበታል፤ ያለዚያ ገብተው ይሰጥማሉ። በማግስቱ ጠዋት የጥቂቶቹ ቋት በጣት ሲዳሰስ ሙሉና ለስላሳ መሆን አለበት። ባዶ ቋት መኖውን አለማግኘታቸውን፣ ጠንካራ ቋት ውኃ አለማግኘታቸውን ያሳያል።

የክትባቱን መርሃ ግብር የአካባቢው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ያወጣል፤ ፈንግልና ጉምቦሮ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ የሚቀድሙት ናቸው። በከተማ የሚያሳድጉ ሰዎች አንድ ነገር ልብ ሊሉ ይገባል፦ በውኃ የሚሰጥ ሕያው ክትባት ክሎሪን ባለው የቧንቧ ውኃ ከተበጠበጠ ይሞታል። ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ደም የቀላቀለ ኩስ ከታየ የእርጥብ ጉዝጓዝ በሽታ የሆነው ኮክሲዲዮሲስ ሊሆን ስለሚችል ጉዝጓዙን መቀየርና ባለሙያ መጥራት ያስፈልጋል።

ላባቸው ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት እየሞላ ሲሄድ ሙቀቱ መጀመሪያ ቀን ቀን፣ ቀጥሎም ሌሊት ይቋረጣል። በቡታጅራ በኩል በኅዳርና በታኅሣሥ ለሚያሳድግ ሰው የሌሊቱን አምፖል አንድ ሳምንት ጨምሮ ማቆየት ይበጃል። በ45ኛው ቀን ጫጩት የሚገዛ ሰውም ከዋጋው ጋር መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ይኸው ነው፦ ጫጩቶቹ ያለ አምፖል ማደር ከጀመሩ ስንት ሌሊት ሆናቸው? አንድም ካልሆነ ገዢው በቤቱ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሌሊቶች ሙቀት ማዘጋጀት ይኖርበታል።