የቤት ፒያኖ ድምፅ፦ ከእንጨትና ከአውታር እስከ ሒሳባዊ ቀመር

ፒያኖ በታሪኩ ሁለት ማደሪያ ነበረው፤ አንደኛው የሙዚቃ አዳራሽ ሲሆን ሁለተኛው የመኖሪያ ቤት ነው። የአዳራሹ ፒያኖ ታሪክ በታላላቅ ደራስያንና ተጫዋቾች ስም ተመዝግቦ ሲገኝ፣ ግድግዳ ተደግፎ ልጆች የተማሩበት፣ ጎረቤት ተሰብስቦ የዘፈነበት የቤቱ ቋሚ ፒያኖ ግን እምብዛም ጸሐፊ አላገኘም። ባለፉት አሥርተ ዓመታት ይህንኑ ድምፅ በኮምፒዩተር መልሶ ለመፍጠር የተደረገው ጥረት አንድ ጥያቄ አስነሥቷል፤ ይኸውም መሣሪያው ከጠፋ በኋላ ድምፁ ብቻውን ሊኖር ይችላል ወይ? የሚል ነው። ጥያቄውን ለመመርመር ከመሣሪያው አፈጣጠር መነሣት ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከቤተ መንግሥት ወደ መኖሪያ ቤት

ፒያኖን የፈለሰፈው በፍሎረንስ ለሜዲቺ መሳፍንት መሣሪያ ይሠራ የነበረው ባርቶሎሜዎ ክሪስቶፎሪ ነው። በ1700 በተጻፈ የመሳፍንቱ የመሣሪያዎች መዝገብ ላይ ለስላሳና ብርቱ ድምፅ የሚያሰማ አዲስ መሣሪያ ተጠቅሷል። ከዚያ በፊት የነበረው ሃርፕሲኮርድ አውታሩን ቆንጥሮ የሚያሰማ በመሆኑ፣ ተጫዋቹ ቁልፉን ቢያጠብቅም ቢያላላም ድምፁ ብዙም አይለወጥም ነበር። ክሪስቶፎሪ በመቆንጠር ፈንታ በመዶሻ መምታትን ተካ፤ በዚህም የጣት ኃይል የድምፅ ኃይል ሆነ። ከሥራዎቹ ውስጥ ሦስት ፒያኖዎች እስከ ዛሬ ሲኖሩ፣ ከሁሉ የሚቀድመው በ1720 የተሠራውና በኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም የሚገኘው ነው።

ይህ ጋድም መሣሪያ ሰፊ ክፍልና ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ስለነበር ወደ ተራው ቤት ለመግባት ቅርጹን መለወጥ ነበረበት። በ1800 ጆን አይዛክ ሃውኪንስ በፊላደልፊያ፣ ማቲያስ ሙለር ደግሞ በቪየና፣ ሁለቱም በየፊናቸው አውታሮቹ ወደ ወለሉ የሚወርዱ አነስተኛ ቋሚ ፒያኖዎች ሠሩ። በለንደንም ሮበርት ዎርነም በተከታዮቹ ዓመታት አሠራሩን አሻሻለው። የ19ኛው መቶ ዓመት ፋብሪካ የብረት ክፈፉንና አውታሩን በብዛት ማምረት ሲጀምር ቋሚው ፒያኖ የመካከለኛው መደብ ቤተሰብ ንብረት ሆነ። በ1909 በአሜሪካ ብቻ ከ350,000 በላይ ፒያኖዎች ተሠርተው ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ሸክላ ማጫወቻውና ራዲዮው የቤትን ሙዚቃ ከእጅ ሥራነት ወደ አድማጭነት እየለወጡት ሄዱ።

የድምፁ ጠባይ

ቋሚው ፒያኖ የጋድሙ ታናሽ ቅጂ ብቻ አይደለም። በጋድሙ መዶሻው ወደ ላይ መትቶ በራሱ ክብደት ይመለሳል፤ በቋሚው ግን ወደ ፊት ስለሚመታ በሞላ እየታገዘ ነው የሚመለሰው። በዚህም ምክንያት አንድን ቁልፍ በፍጥነት ደጋግሞ መምታት ይከብዳል። የወፍራም ድምፅ አውታሮቹ አጫጭር ስለሆኑ ግትርነታቸው ይጎላል፤ ከዋናው ድምፅ ጋር አብረው የሚወጡት ቀጫጭን ድምፆችም ከሚጠበቀው ልክ ጥቂት ከፍ ይላሉ። የድምፅ ሳንቃው ጀርባ ወደ ግድግዳው ይዞራል። ተጫዋቹም ከመዶሻዎቹ ፊት ለፊት ስለሚቀመጥ የእንጨቱን ቋቋታና የመርገጫውን ሲጥታ ከዜማው ጋር አብሮ ይሰማል። በብዙዎቹ ላይ መካከለኛው መርገጫ በመዶሻውና በአውታሩ መካከል የሱፍ ጨርቅ አውርዶ ድምፁን ያፍናል፤ ይህም ቤተሰብና ጎረቤት እንዳይታወክ የታሰበ ነው።

ከዚህም ሌላ አብዛኛዎቹ ድምፆች እያንዳንዳቸው ሦስት አውታር አላቸው። የፊዚክስ ሊቁ ገብርኤል ዋይንራይክ በ1977 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ በእነዚህ አውታሮች መካከል ያለው እጅግ ጥቂት የቅኝት ልዩነት ድምፁ መጀመሪያ ፈጥኖ እንዲወርድ፣ ቀጥሎም ረዘም ላለ ጊዜ እንዲያንዣብብ ይረዳል። እንግዲህ እርጥበትና ድርቀት የተፈራረቁበት፣ ቃኚ ከጎበኘው ዓመታት ያለፉት የቤት ፒያኖ የራሱ የሆነ አወዳደቅ ይኖረዋል ማለት ነው።

ድምፅ በአኃዝ

በሲድኒ በ1979 የወጣው ፌርላይት የተፈጥሮ ድምፅን በአኃዝ ቀርጾ በቁልፍ የሚያጫውት መሣሪያ ነበር። ይሁን እንጂ ለእያንዳንዱ ድምፅ የነበረው የማኅደር መጠን 16 ኪሎባይት ብቻ በመሆኑ፣ በርካታ ሴኮንዶች የሚቆየውን የፒያኖ ድምፅ ሊይዝ አልቻለም። በ1984 የቀረበው የሬይ ከርዝዌል መሣሪያ የጋድም ፒያኖን ድምፅ በተሻለ ሁኔታ አቀረበ። በ1998 ጊጋሳምፕለር የተባለው ፕሮግራም ድምፁን ከኮምፒዩተሩ ዲስክ ላይ በቀጥታ ማንበብ ሲጀምር ችግሩ ተቃለለ፤ እያንዳንዱ ቁልፍ በልዩ ልዩ ኃይል ተመትቶ እስከ መጨረሻው ትንፋሹ ሊቀረጽ ቻለ።

በዚያ ሁሉ ጊዜ ባለሙያዎቹ በይበልጥ የተመኙት የአዳራሹን ጋድም ፒያኖ ነበር። ንጹሑ ድምፅ ከተገኘ በኋላ ግን የቤቱ ፒያኖ ናፍቆት ተነሣ። ጀርመናዊው ኒልስ ፍራም በ2011 ባወጣው «ፌልት» በተባለው አልበሙ፣ ሌሊት ጎረቤት እንዳይረብሽ ድምፁን በጨርቅ አፍኖ፣ ማይክሮፎኑን እጅግ አቅርቦ ተጫወተ፤ የመሣሪያው ሲጥታም የሙዚቃው አካል ሆነ። ፕሮግራም ሠሪዎችም ፊታቸውን ወደ አሮጌ ቋሚ ፒያኖዎች አዞሩ፤ ለምሳሌ «ዘ ጀንትልማን» የተባለው ፕሮግራም በ1908 ከተሠራ ቋሚ ፒያኖ የተቀረጸ ነው። ቀድሞ እንደ ጉድለት ይወገድ የነበረው የቁልፍ መመለሻ ድምፅና የመርገጫው ኮሽታ አሁን ለብቻው እየተቀረጸ ተመልሶ ይጨመር ጀመር።

ሌላው መንገድ ቀረጻን ጨርሶ የተወ ነው። በፈረንሳይ ቱሉዝ ከተማ ቀድሞ ፒያኖ ቃኚ የነበረው የሒሳብ ሊቅ ፊሊፕ ጊዮም የመዶሻውን፣ የአውታሩንና የሳንቃውን እንቅስቃሴ በቀመር አስልቶ ድምፁን በዚያው ቅጽበት የሚፈጥር ፒያኖቴክ የተባለ ፕሮግራም በ2006 አቀረበ። ቋሚ ፒያኖም ከጊዜ በኋላ ከሞዴሎቹ አንዱ ሆኗል። ተጠቃሚው የመዶሻውን ጥንካሬ መለወጥ፣ መሣሪያውንም እንዳረጀና ቅኝቱ እንደተዛባ አድርጎ ማሰማት ይችላል።

የሚቀረውና የሚጠፋው

ሁለቱ መንገዶች የተለያየ ነገር ያቆያሉ። ቀረጻው የአንድን ፒያኖ የአንድ ቀን ጠባይ እንደ ፎቶግራፍ ይይዛል፤ ሆኖም ከተቀረጸው በላይ የሚናገረው የለውም። ቀመሩ ፒያኖ የሚሠራበትን ሕግ ይይዛል፤ ያችን በዚያች ቤት የነበረችውን ፒያኖ ግን በትክክል ሊተካ አይችልም። የአሮጌ ቋሚ ፒያኖ ማጓጓዣና ማደሻ ከዋጋው በልጦ በየአገሩ ብዙዎቹ ለመጣል በበቁበት ጊዜ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። በጥንካሬም ቢሆን እንጨቱ የሚናቅ አይደለም፤ የጊጋሳምፕለር ተተኪ የነበረው ጊጋስቱዲዮ በ2008 መመረቱ ሲቋረጥ፣ የ1720ው የክሪስቶፎሪ ፒያኖ ግን ዛሬም በቦታው አለ።

ጉዳዩ ኢትዮጵያንም ይመለከታል። ከ1923 እስከ 2023 የኖሩት እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ከ1977 እስከ 1985 ባለው ጊዜ በአዲስ አበባ መኖሪያ ቤታቸው ራሳቸው የቀረጿቸው ዜማዎች በ2024 «ሱቬኒርስ» በሚል ስም ታትመዋል። በቀረጻው ውስጥ ከፒያኖውና ከድምፃቸው ጋር ከመስኮቱ ውጭ ያሉት ወፎች ይሰማሉ። ማንም ፕሮግራም የፒያኖውን ቃና ሊመስል ይችል ይሆናል፤ ጣታቸውንና ያንን ክፍል ግን የያዘው የዚያ ዘመን ቀረጻ ነው። በአንጻሩ ፕሮግራሙ እንጨቱ በቀላሉ የማይሰጠውን ይሰጣል፤ እያንዳንዱን ቁልፍ ለብቻው መቃኘት ስለሚቻል፣ የክራርና የበገና ቃኚ በጆሮው የሚያገኘውን የትዝታ ወይም የአንቺሆዬ ቅኝት ከ12ቱ እኩል የፒያኖ እርከኖች ነጻ አድርጎ ለመሞከር በር ይከፍታል።

ስለሆነም በትምህርት ቤቶችና በየቤቱ የሚገኙት አሮጌ ፒያኖዎች ከመጣላቸው በፊት እያንዳንዱ ቁልፍ በለሆሳስም በብርቱም ተመትቶ ቢቀረጽ፣ የመሣሪያው ሠሪ፣ ቅኝቱ፣ ክፍሉና ዓመቱም አብረው ቢመዘገቡ፣ ቅጂውም ከአንድ ኩባንያ ፕሮግራም ጋር ሳይቆራኝ በተለመደ የድምፅ ፋይል ቢቀመጥ፣ መጪው ትውልድ ከራሱ ዘመን መሣሪያ ጋር ሊያዋህደው ይችላል። ሊጠገን የሚችለውን ግን መጠገን ይቀድማል፤ ምክንያቱም ቅጂው በየጊዜው የሚመዘነው በሕይወት ካለው ፒያኖ ጋር ተነጻጽሮ ነው።