ካሩራን ስንዞር

የካሩራን ደን በእግር ለመዞር አንድ ረፋድ ይበቃል። በሊሙሩ መንገድ በኩል ባለው በር ተገብቶ፣ ቀዩን አፈር እየረገጡ ወደ ወንዙ ይወረዳል፤ ፏፏቴውንና ዋሻዎቹን አይቶ በሌላ መንገድ ወደዚያው በር መመለስ ነው። ማቋረጫዎቹ ላይ ቁጥር ስላለ የሚጠፋ ሰው የለም። ይህ ሁሉ ያለው ናይሮቢ ከተማ ውስጥ፣ ከተባበሩት መንግሥታት የጊጊሪ ግቢ አቅራቢያ ነው፤ የደኑ ስፋትም 1,041 ሄክታር ይደርሳል።

እኔ አገር ቤት ሳለሁ ሥራዬ ችግኝ ማፍላት ነበር። ስለዚህ ዱር ስገባ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው ዛፎቹ ላይ ነው፤ የካሩራንም ታሪክ ከዛፎቹ መጀመር እወዳለሁ። በወንዙ ዳርቻ የእኛው ወይራ አለ፣ የብሳና ዘመድ አለ፣ ኪኩዮች ሙጉሞ የሚሉትና እንደ እኛ አድባር የሚያከብሩት የሾላ ወገንም አለ። ከእነዚህ ፈንጠር ብሎ ደግሞ በረድፍ የቆመ ባሕር ዛፍ ይታያል። ያ በራሱ የበቀለ አይደለም፤ ያመጣው ባቡር ነው። ከሞምባሳ የተነሣው ሐዲድ ናይሮቢ የደረሰው በ1899 ሲሆን (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)፣ ከዚያ በፊት እዚህ ከተማ አልነበረም። ባቡሩ እንጨት ይበላ ነበር። ቶሎ የሚደርስ ዛፍ ሲፈለግ የአውስትራሊያው ባሕር ዛፍ በከተማዋ ዙሪያ ተተከለ።

በዚያው ዘመን አዲስ አበባም በተመሳሳይ ጭንቅ ውስጥ ነበረች። የእንጦጦ ጥድ ለማገዶና ለቤት ተቆርጦ ሲያልቅ፣ አፄ ምኒልክ ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ግንባታ እስከ ማስጀመር ደርሰው ነበር። እዚያም የተተከለው ባሕር ዛፍ ደርሶ ማገዶ ሲሆን አዲስ አበባ ባለችበት ጸናች። ብዙ የሙያ ጓደኞቼ ይህን ዛፍ ውኃ ጠጪ ነው እያሉ ይረግሙታል። እኔ ግን ሁለት ዋና ከተሞችን ያሞቀ ዛፍ ስሙ በክፉ ብቻ ሲነሣ ደስ አይለኝም። ካሩራ ውስጥ አሁን ባሕር ዛፉ በየተራ እየተቆረጠ በአገሬው ዛፍ እየተተካ ነው፤ ይህም ትክክል ነው።

ዋሻዎቹ ከወንዙ በላይ ናቸው። የቅኝ ገዢው መንግሥት በጥቅምት 1952 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ካወጀ በኋላ ለነፃነት ይዋጉ የነበሩት የማው ማው አርበኞች ተሸሽገውባቸዋል። ቦታው ከገዢዎቹ ጽሕፈት ቤት ብዙም አይርቅም፤ ይህን ሳስበው ድፍረታቸው ያስገርመኛል። በሚያዝያ 1954 እንግሊዞች ናይሮቢን ከበው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አፍሰው አስረዋል። ኬንያ ነፃ ከወጣች በኋላም ማው ማው ሕጋዊ ድርጅት ተብሎ ለመቆጠር እስከ 2003 ድረስ ጠብቋል።

ካሩራ በመንግሥት ደንነት የተመዘገበው በ1932 ነው። ምዝገባው ግን አላዳነውም። በ1990ዎቹ ከግማሽ የሚበልጠው መሬት ለግል አልሚዎች ተሸንሽኖ ተሰጠ፤ ሕዝቡ ነገሩን ያወቀው ቡልዶዘር ገብቶ ዛፍ መውደቅ ከጀመረ በኋላ ነው። የግሪን ቤልት ንቅናቄን በ1977 የመሠረቱት ፕሮፌሰር ዋንጋሪ ማታይ ችግኝ ይዘው መጡ። የተመነጠረው ላይ ይተክላሉ፣ ሲከለከሉ ተመልሰው ይመጣሉ። በኦክቶበር 1998 የተቆጣ ሕዝብ የግንባታ መኪኖቹን አቃጠለ።

ጃንዋሪ 8 ቀን 1999፣ የእኛ ገና በዋለ በማግስቱ፣ ዋንጋሪ ከተቃዋሚ የፓርላማ አባላትና ከጋዜጠኞች ጋር ሆነው በደኑ በር ላይ አንድ ዛፍ ሊተክሉ ሄዱ። ዱላ፣ ጅራፍና ቀስት የያዙ ቅጥር ጠባቂዎች ወረዱባቸው። ዋንጋሪ ጭንቅላታቸውን ተመቱ። ደማቸው እየፈሰሰ ወደ ሙታይጋ ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ክስ መሠረቱ፤ ፈርሙ ሲባሉም በራሳቸው ደም ፈረሙ። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ኮፊ አናን ጥቃቱን አወገዙ። የናይሮቢ ተማሪዎች አደባባይ ወጡ፣ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። በነሐሴ ወር የኬንያው ፕሬዚዳንት ሞይ የሕዝብ መሬት ለግለሰብ መስጠት እንዲቆም አዘዙ።

ደኑ ከዚያም በኋላ ለዓመታት የሚፈራ ቦታ ነበር፤ ሽፍታ ያደፍጥበታል፣ ሬሳ ይጣልበታል ይባል ነበር። የአካባቢው ሰዎች ከደን አገልግሎቱ ጋር ተባብረው የኤሌክትሪክ አጥር አጠሩ፣ ከአጎራባች መንደሮች ጠባቂ ቀጠሩ፤ በ2011 ለጎብኚ ተከፈተ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጉሬዛዎች ከሌላ ደን መጥተው ተለቀቁ፤ ዛሬ ከራስ በላይ ሲዘሉ ይታያሉ። ሥራዬ ብዬ የያዝኩት ሙያ ያስተማረኝ አንድ ነገር ቢኖር ችግኝ መትከል ቀላሉ ክፍል መሆኑ ነው፤ ከባዱ ከተተከለ በኋላ መጠበቁ ነው። ካሩራን ያቆየው ሦስት ጊዜ ቢከለከሉም አራተኛ የመጡት ሰዎች ትዕግሥት ነው ባይ ነኝ።

ዋንጋሪ ማታይ በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበሉ፤ ከአፍሪካ ሴቶች የመጀመሪያዋ ናቸው። ያረፉት በሴፕቴምበር 25 ቀን 2011 ነው። ለሬሳ ሣጥናቸው እንኳ ዛፍ እንዳይቆረጥ በማለታቸው፣ ሣጥኑ ከደንገልና ከቀርከሃ ተሠርቶ በዚያ ተሸኙ።

ናይሮቢ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ቅዳሜ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ካሩራ ውጡ። ወይራውን አሳዩአቸው፤ ከበሩ ሳትወጡም በደኑ ደጃፍ ለአንድ ችግኝ የፈሰሰውን ደም ንገሯቸው።