የፕሮሰሰር ሙቀትና የጨዋታ ኮምፒዩተር ምርጫ፤ ከ1989 እስከ 2023

ለጨዋታ የሚሆን ኮምፒዩተር በራሱ እጅ የሚገጣጥም ሰው ገንዘቡን ሁሉ ለፕሮሰሰሩ ከፍሎ፣ ማቀዝቀዣውን በተረፈችው ጥቂት ብር የመግዛት ልማድ አለው። ይህ ልማድ ከየት እንደ መጣና በምን እንደ ተሰናከለ በዚህ አጭር ጽሑፍ እንመረምራለን። ዓመቶቹን ሁሉ የምንቈጥረው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በ1989 የወጣው የኢንቴል 486 በ25 ሜጋኸርዝ ሲሠራ በአብዛኛው ማራገቢያ አላስፈለገውም። በ1993 የተከተለው ፔንቲየም በ5 ቮልት እየሠራ 15 ዋት ያህል ሙቀት ስላወጣ ማራገቢያ ማስፈለግ ጀመረ፤ ቢሆንም የሚያስፈራ ነገር አልነበረም። የአይ.ቢ.ኤሙ ሊቅ ሮበርት ዴናርድና ባልደረቦቹ በ1974 እንዳስረዱት፣ ትራንዚስተር ሲያንስ ቮልቴጁም አብሮ ከቀነሰ በእኩል ስፋት ላይ የሚወጣው ሙቀት አይጨምርም። ሙቀት ከፍጥነት ጋር ልክ በልኩ ሲያድግ፣ ከቮልቴጅ ጋር ግን ቮልቴጁ በራሱ በተባዛ መጠን ያድጋልና፣ የቮልቴጅ መቀነስ ብዙ ጕድ ይሸፍን ነበር።

የዚህ ዘመን ፍሬ በግልጽ የታየው በኦገስት 1998 ነው። ኢንቴል በዚያ ወር በ149 ዶላር የጅምላ ዋጋ ያወጣው ሴሌሮን 300ኤ በ300 ሜጋኸርዝ እንዲሠራ የተሸጠ ርካሽ ዕቃ ነበር። ተጫዋቾች ግን የማዘርቦርዱን ምት ከ66 ወደ 100 ሜጋኸርዝ ከፍ ሲያደርጉት፣ ፕሮሰሰሩ ይህንኑ በ4.5 እያባዛ 450 ይደርስ ነበር፤ ሁሉም ባይሆኑ ብዙዎቹ ቻሉት። ይህም በዚያው ወር በ669 ዶላር ከወጣው ፔንቲየም 2 ጋር እኩል ፍጥነት ነው። ከዚህም በላይ፣ የርካሹ 128 ኪሎባይት ካሽ ከፕሮሰሰሩ ጋር በአንድ ሲሊኮን ላይ ሆኖ በሙሉ ፍጥነት ሲሠራ፣ የውዱ 512 ኪሎባይት ካሽ በግማሽ ፍጥነት ይሠራ ነበር። የተጨመረውንም ሙቀት ተራ ማራገቢያ ቻለው። ማቀዝቀዣ እንደ ነገሩ ይገዛል የሚለው አስተሳሰብ ሥር የሰደደው በዚህ ጊዜ ይመስለናል።

ነገር ግን ትራንዚስተሩ ወደ 90 ናኖሜትር ሲወርድ፣ ኤሌክትሪክ በተዘጋው በር ሳይቀር ማፍሰስ ስለ ጀመረ ቮልቴጁን እንደ ቀድሞው መቀነስ አልተቻለም። በፌብሩዋሪ 2004 የወጣው ፕሬስኮት የተባለው ፔንቲየም 4 ሥራውን በ31 ደረጃ ከፋፍሎ (የቀደመው በ20 ነበር) ፍጥነትን ቢያሳድድም፣ በ3.8 ጊጋኸርዝና በ115 ዋት ላይ ቆመ። ቴጃስ የተባለው ተተኪ በሜይ 2004 ተሰረዘ፤ የ4 ጊጋኸርዙም ዕቅድ በዚያው ዓመት በኦክቶበር ቀረ። አንዳንዶች ምክንያቱ የኤ.ኤም.ዲ. አትሎን 64 ፉክክር ነው ይላሉ። ፉክክሩ ነገሩን አላስቸኰለም አንልም፤ ይሁን እንጂ ተፎካካሪ ባይኖርም ሙቀቱ እዚያው ይጠብቅ ነበር። በ2006 የወጣው ኮር 2 ዱዎ ኢ6600 በ2.4 ጊጋኸርዝና በ65 ዋት ያንን የ3.8 ጊጋኸርዝ ፕሮሰሰር በጨዋታ መቅደሙ ለአሳባችን ምስክር ነው።

በ2023 ይኸው ነገር በሌላ መልክ ተደገመ። ኮር አይ9-14900ኬ 6 ጊጋኸርዝ ለመድረስ እስከ 253 ዋት ሲጠይቅ፣ በ5 ጊጋኸርዝ የሚወሰነው ራይዘን 7 7800ኤክስ3ዲ በ96 ሜጋባይት ካሹ ብርታት በብዙ ጨዋታዎች ቀደመው፤ የተመደበለትም ሙቀት 120 ዋት ነው። ለመጀመሪያው ትልቅ የውሃ ማቀዝቀዣ ሲፈለግ፣ ለሁለተኛው ደኅና የአየር ማቀዝቀዣ ይበቃዋል።

ለእኛ ለአዲስ አበባ ነዋሪዎች ግን አንድ ነገር ይጨመር። በ2,400 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ አየር ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል ስለሚሳሳ፣ ማራገቢያው በእኩል ዙር የሚያሳልፈው አየር የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። ውሃውም ቢሆን ሙቀቱን በመጨረሻ የሚያስረክበው ለዚሁ አየር ነው፤ ስለዚህ በቈላ አገር የተለካውን ዲግሪ አንብቦ ማቀዝቀዣ የሚመርጥ ሰው ከዚያ ከፍ ያለውን መውሰድ ይኖርበታል።