መምህርም ይማራል

ወጣቶች ሆይ፥ ብዙ ሰው መምህር ዐውቆ የጨረሰ፥ ተማሪም ባዶውን የመጣ ይመስለዋል። እኔ ግን በማስተማር ሥራ ላይ ሸምግዬ የተረዳሁት፥ ሰውን ሁሉ በእኩል ዐይን ማየት መምህሩ ራሱ አስቀድሞ ሊማረው የሚገባ ትምህርት መሆኑን ነው። ለዚህም ምስክር የሚሆኑኝ ወይዘሮ ሴፕቲማ ክላርክ የተባሉ ጥቁር አሜሪካዊት መምህርት ናቸው። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ወይዘሮ ክላርክ በ1898 ዓ.ም. በደቡብ ካሮላይና ግዛት፥ በቻርልስተን ከተማ ተወለዱ። ሚስዮናውያን ባቋቋሙት ትምህርት ቤት ተምረው በ1916 ዓ.ም. ማስተማር ጀመሩ። በከተማው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ጥቁር መምህራን አይቀጠሩም ነበርና ጆንስ ወደምትባል ደሴት ሄዱ። በዚያ ሁለት መምህራን 132 ልጆች ያስተምሩ ነበር፤ የወይዘሮ ክላርክ ደመወዝም በወር 35 ዶላር ነበር። በአቅራቢያው የነበረው የነጮች ትምህርት ቤት 3 ተማሪዎች ብቻ ሲኖሩት መምህሩ 85 ዶላር ይከፈለው ነበር። ግፍ ሁልጊዜ በጅራፍ አይመጣም፤ በደመወዝ መዝገብም ይጻፋል።

በ1956 ዓ.ም. ግዛቱ ሠራተኞቹ ለጥቁሮች መብት በሚከራከር ማኅበር አባል እንዳይሆኑ በሕግ ከለከለ። ወይዘሮ ክላርክ አባልነታቸውን አልክድም ስላሉ፥ 40 ዓመት ያህል ካገለገሉ በኋላ ሥራቸውንና ጡረታቸውን አጡ። ጡረታቸው የተመለሰላቸው በ1976 ዓ.ም. ነበር።

እሳቸው ግን ማስተማርን አልተዉም። ማንበብ የማይችል ሰው ድምፅ ለመስጠት መመዝገብ ስለማይፈቀድለት፥ በጥር 1957 ዓ.ም. በዚያችው ደሴት በአንድ ሱቅ የጓሮ ክፍል ለጐልማሶች ትምህርት ተከፈተ። ለማስተማር የተመረጡት ወይዘሮ በርኒስ ሮቢንሰን ግን የጠጕር ሠሪ እንጂ መምህርት አልነበሩም። ይህም የሆነው የተማረ መምህር የደሴቱን ሰዎች ይንቃቸዋል ተብሎ ስለተፈራ ነው። ወይዘሮ ሮቢንሰንም ለ14ቱ ተማሪዎች መምህርት አለመሆናቸውን፥ አብረው እንደሚማሩ ነገሯቸውና ምን መማር እንደሚሹ ጠየቁ። እነርሱም ስማቸውን መጻፍና መጽሐፍ ቅዱስን ማንበብ ፈለጉ፤ ትምህርቱም ከዚያ ተጀመረ። ይህ ዐይነት ትምህርት ቤት ኋላ በአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች ሁሉ ተስፋፋ፤ ወይዘሮ ክላርክም የሚያስተምሩባቸውን ሰዎች የሚያሠለጥኑ ሆኑ።

እንግዲህ ነገ መምህር የምትሆኑ ሁሉ አስተውሉ። ሕግ የትምህርት ቤቱን በር ሊከፍት ይችላል፤ የመምህሩን ልብ ግን መምህሩ ራሱ ይከፍታል። በቀለሙ፥ በአነጋገሩ ወይም በወላጆቹ ሙያ የምትንቁት ተማሪ ቢኖር፥ ለእርሱ መጽሐፉን ከመግለጣችሁ በፊት እናንተ የምትማሩት ነገር አለ።