የድሪቶ ታሪክ

ፊደል ለይታችሁ ማንበብ ከጀመራችሁ ሰነበታችሁ። ዛሬ የምናነበው ስለ አሮጌ ልብስ ነው። «አሮጌ ልብስ ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» ትሉ ይሆናል። አለው እንጂ!

ከላስታ እንጀምር። በላስታ ተራሮች፣ በጥድ ደን መካከል፣ አንድ ትልቅ ዋሻ አለ። በዋሻው ውስጥ የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። ያሠራው ከላሊበላ በፊት የነገሠው ንጉሥ ይምርሐነ ክርስቶስ ነው። ግድግዳው አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ ድንጋይ እየሆነ የተሠራ ነው። አገሩ ደጋ ነው፤ ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ገብስ ይበቅልበታል፣ በግ ይረባበታል። ጥጥ ግን አይበቅልበትም። ጥጥ የቆላ ነው።

እንግዲህ አስቡት። የደጋ እናት ጥጡን ከገበያ ትገዛለች። ትዳምጠዋለች፣ ትነድፈዋለች፣ ታባዝተዋለች፣ በእንዝርት ትፈትለዋለች። ከዚያ በኋላ ነው ለሸማኔ የምትሰጠው። ለአንድ ጋቢ የሚበቃ ድርና ማግ እስኪሞላ ስንት ማታ ያልቃል? ታዲያ እንዲህ የተለፋበት ጋቢ መሀሉ ሳሳ ተብሎ ይጣላል? አይጣልም። ደህናው ጠርዝ ተቆርጦ የሕፃን መጠቅለያ ይሆናል። እሱም ሲያረጅ የምጣድ ማሰሻ ይሆናል። የቀረችው ቁራጭ ተገምዳ የኩራዝ ክር ትሆናለች። በዚያች መብራት ፊደል የቆጠርን ብዙ ነን።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ድሪቶ ነው። ድሪቶ እንዴት እንደሚሠራ ታውቃላችሁ። እራፊ በእራፊ ላይ ይደረባል፣ በመርፌ ይወጋል፣ ሲቀደድ ደግሞ ሌላ ይደረብበታል። እየወፈረ ይሄዳል። ሌሊት ለልጆች እንደ ብርድ ልብስ ያገለግላል። ሰው ሲሰድቡ «ድሪቶ ለባሽ» ይላሉ። እኔ ይህን ስድብ አልወደውም። ሰዳቢውም እኮ በድሪቶ ሞቆ ያደገ ሊሆን ይችላል!

አሮጌ ጨርቅን መልሶ መሥራት የድሃ ቤት ሥራ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1762 ዓ.ም. ጄምስ ብሩስ የሚባል የስኮትላንድ ሰው በአድዋ በኩል አልፎ ነበር። ያየውን በመጽሐፍ ጽፏል። በዚያ ዘመን የአድዋ ጥጥ ልብስ እንደ ገንዘብ ይገበያዩበት ነበር። ሸማኔዎቹ ሰማያዊ ክር ለማግኘት ከሕንድ አገር፣ ከሱራት የመጣ ሰማያዊ ጨርቅ ይገዛሉ። ጨርቁን ይተረትሩታል። ከዚያም ክሩን በራሳቸው ሸማ ጠርዝ ላይ መልሰው ይሸምኑታል። የሌላ አገር ልብስ ፈርሶ የእኛ ጥለት ሆነ ማለት ነው።

መጽሐፍ ደጓሾችም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። የድሮ የብራና መጽሐፍ ሽፋኑ የእንጨት ገበታ ነው፤ ገበታው ቆዳ ይለብሳል። ሽፋኑን ገለጥ አድርጋችሁ ከውስጥ በኩል ብታዩ፣ ብዙ ጊዜ መሀል ላይ አራት ማዕዘን ጨርቅ ተለጥፎ ታገኛላችሁ። አንዳንዱ ሐር ነው። አንዳንዱ አበባ የታተመበት የባሕር ማዶ ጥጥ ነው። ዛሬ ተመራማሪዎች በእነዚህ ቁራጮች የድሮውን የንግድ መንገድ ያጠናሉ።

የመጽሐፉ ቁራጭ ተጠብቆ ኖረ። የእናቶቻችን ድሪቶስ? በልጆች ጀርባ ላይ አለቀ። ማንም አልመዘገበውም።

አንድ ቀን ከማስተምራቸው እናቶች አንዷ የጥቁር ሰሌዳ ማጥፊያ ሰፍተው አመጡልኝ። ከድሪቶ የተረፈ ጨርቅ ነው። ላጠፋበት ስል «ቆይ ልጄ» አሉኝ። በጣታቸው እያሳዩ፣ «ይህች የእናቴ ቀሚስ ናት። ይህቺ ደግሞ የወንድሜ እጀ ጠባብ ናት፤ በሰባ ሰባቱ ረሃብ ነው የሞተብኝ» አሉ። በ1977 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ ልብሱን ሽጦ እህል የገዛ ብዙ ነው። እሳቸው ያቺን እራፊ አልሸጧትም። የወንድማቸው ፎቶግራፍ የላቸውም፤ ስሙም በወረቀት ተጽፎ አያውቅም። ያለው ያ ጨርቅ ብቻ ነበር። ሰሌዳውን በእጄ ጠረግሁት። ከዚያም የወንድማቸውን ስም ጻፍንበት፤ እሳቸውም በደብተራቸው ገለበጡት።

መተርተር ዛሬም አልቀረም። ያረጀ ሹራብ ተተርትሮ ክሩ በስንደዶ ላይ ሲጠመጠም፣ ባለ ቀለም ስፌት ሲሆን አይታችሁ ይሆናል። የአድዋ ሸማኔዎች ሥራ መሆኑ ነው፤ ከ250 ዓመት በኋላ!

ለሚቀጥለው ሳምንት እርሳስና ደብተር አዘጋጁ። በቤታችሁ ያለውን አሮጌ ድሪቶ ወይም ጥፍጥፍ ጨርቅ አውጡ። የማን ልብስ እንደ ነበረ ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። ከዚያ ሦስት መስመር ጻፉ፤ ጨርቁ የማን ነበር? ማን ሰፋው? አሁን ምን ሆኗል? ስም ስትጽፉ ቀስ በሉ፤ ፊደል እንዳትዘሉ።