ከቆዳ እስከ ብረት ዱቄት፦ የፍሪሲዮን ታሪክና «ጠንካራ» የሚለው ቃል



የዛሬው ንግግሬ መነሻ ተማሪዎች ደጋግመው የሚያቀርቡት አንድ ተግባራዊ ጥያቄ ነው። በቱርቦ የሚሠራ፣ ጉልበቱ ፋብሪካው ከሰጠው በላይ ከፍ የተደረገ፣ ሆኖም ባለቤቱ በየዕለቱ ወደ ሥራ የሚመላለስበት መኪና ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ሲጀምር በምን ዓይነት ፍሪሲዮን ይተካ? የገበያው መልስ አጭር ነው፤ «ጠንካራውን ግዛ» ይላል። ታሪኩን ለሚመረምር ሰው ግን «ጠንካራ» የሚለው ቃል ሦስት ነገሮችን አደባልቆ የያዘ ሆኖ ይገኛል። አጥብቆ መያዝ አንድ ነው፤ ሙቀትን መቻል ሌላ ነው፤ ለረጅም ዘመን ማገልገል ደግሞ ሦስተኛ ነው። አንዱን ለማሳደግ የተደረገው ጥረት ሌላውን ያጎደለበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የጉድለቱንም ዋጋ አንዳንድ ጊዜ መኪናው፣ አንዳንድ ጊዜ ነጂው፣ አንዳንድ ጊዜም መኪናውን አይተው የማያውቁ ሠራተኞች ከፍለውታል። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከቆዳ ወደ ሸራ

በቅድሚያ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። «ፍሪሲዮን» ወደ አማርኛ የገባው ከጣልያንኛ ሲሆን ትርጉሙ ሰበቃ ማለት ነው። ካምቢዮና ማርሽም ከዚያው ቋንቋ የተወረሱ ናቸው። ሰበቃውን የሚፈጥረውን ክፍል ግን መካኒኮቻችን «ሸራ» ይሉታል። ዛሬ በእጃችን የምንይዘው ክፍል ሸራ አይመስልም፤ ይሁን እንጂ ስያሜው፣ እንደምናየው፣ ከዕቃው ታሪክ ጋር በሚገባ ይስማማል።

ካርል ቤንዝ በ1886 የፈጠራ መብት ባገኘበት ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ላይ ዛሬ የምናውቀው ዓይነት ፍሪሲዮን አልነበረም። የሞተሩ ጉልበት በቀበቶ ይተላለፍ ነበር፤ ነጂው ቀበቶውን በባዶ ከሚዞረው መዘውር ወደሚሠራው መዘውር ሲያዛውረው ተሽከርካሪው ይንቀሳቀሳል። ሞተሮች እየጠነከሩ ሲሄዱ ቀበቶው መንሸራተት አበዛ። በእርሱም ፈንታ የሾጣጣ ቅርጽ ያለውና ቆዳ የለበሰ ፍሪሲዮን መጣ። ሾጣጣው በፍላይዊሉ ጉድጓድ ውስጥ ሲሰካ እንደ ሽብልቅ አጥብቆ ይይዛል። ችግሩም ከዚሁ ጥንካሬው የመነጨ ነበር። ቆዳው ሲደርቅ በድንገት ይነክሳል፣ መኪናውንም እንደ ደነገጠ ፈረስ ያስፈነጥረዋል፤ ዘይት ሲበዛበት ደግሞ ይንሸራተታል። የዘመኑ ነጂ ቆዳውን በዘይት እያለሰለሰ መንከባከብ የዕለት ተዕለት ግዴታው ነበር።

እንግሊዛዊው ፕሮፌሰር ሄንሪ ሄል-ሾው በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ሌላ መንገድ አሳየ። አንድ ገጽ አጥብቆ እንዲይዝ ከማስገደድ ይልቅ ብዙ ስስ ሳህኖችን ደርድሮ ሸክሙን አከፋፈለላቸው። ይህ ሐሳብ ዛሬ ባለ ሁለት ዲስክ ፍሪሲዮን በሚባለው ውስጥ ይኖራል፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ወሳኙ ለውጥ ግን ከቅርጹ ይልቅ በልባሱ ላይ የመጣ ነው። ኸርበርት ፍሩድ የተባለ እንግሊዛዊ በ1897 በደርቢሻየር አውራጃ የፍሬን ልባስ መሥራት ጀመረ። እንደሚነገረው፣ ሐሳቡ የመጣለት ሠረገላ ነጂዎች በቁልቁለት ላይ አሮጌ ጫማ ከፍሬናቸው ጋር አስረው ሲጠቀሙ አይቶ ነው። የመጀመሪያዎቹ ልባሶች የተሸመኑና በማጣበቂያ የተነከሩ ጨርቆች ነበሩ፤ ይኸውም በእርግጥ ሸራ ማለት ነው። ጨርቅ ግን በብርቱ ሙቀት ያርራል። ስለዚህ ፍሩድ በ1908 አካባቢ ወደ አስቤስቶስ ዞረ። አስቤስቶስ እንደ ጥጥ የሚፈተልና የሚሸመን፣ እንደ ድንጋይ ግን የማይቃጠል ማዕድን ነው። በዚህ ልባስ አማካይነት አንድ ደረቅ ዲስክ ብቻ ያለው ፍሪሲዮን ከ1920ዎቹ ጀምሮ ሾጣጣውን ከገበያ አስወጣው፤ መሠረታዊ አሠራሩም እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

የሸራው ዋጋ

አስቤስቶስ ያዥነትን፣ ሙቀት መቻልንና ዕድሜን በአንድነት ያሟላ መስሎ ነበር። ሒሳቡ የተከፈለው በሌላ ስፍራ ነው። ኔሊ ከርሾ የተባለች የሮችዴል ከተማ ሴት በአስቤስቶስ ፈትል ፋብሪካ ስትሠራ ቆይታ በ1924 በ33 ዓመቷ ሞተች። አስከሬኗን የመረመረው ሐኪም ዊልያም ኩክ በሳንባዋ ውስጥ ያገኘውን ጠባሳና የማዕድን ብናኝ በዚያው ዓመት በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል አሳተመ። ብሪታንያ በ1931 የአቧራ መቆጣጠሪያ ደንብ አወጣች። የፍሬንና የፍሪሲዮን ሸራዎች ግን ከዚያ በኋላ ለበርካታ አሥርት ዓመታት ከአስቤስቶስ ሲሠሩ ቆዩ፤ በአውሮፓ ኅብረት አጠቃላዩ እገዳ ሥራ ላይ የዋለው በ2005 ነው።

ይህን የማነሣው ለታሪክ ያህል ብቻ አይደለም። አሮጌ ካምቢዮ ሲወርድ በውስጡ የተከማቸውን ጥቁር ብናኝ በአየር ግፊት መንፋት በብዙ ጋራዦች የተለመደ ነው። ሸራው አስቤስቶስ ያለበት ከሆነ ያ ብናኝ ወደ መካኒኩና ወደ ረዳቱ ሳንባ ይገባል፤ በሽታው የሚገለጠውም ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ብናኙን አርጥቦ መጥረግ፣ ምንጩ የማይታወቅ ርካሽ ሸራም አለመግዛት የምርጫው የመጀመሪያ መስፈርት ሊሆን ይገባል።

አራቱ መንገዶች

አስቤስቶስ ከተወገደ በኋላ መሐንዲሶች ወደ መሠረታዊው ስሌት ተመለሱ። አንድ ፍሪሲዮን ሳይንሸራተት የሚሸከመው ጠምዛዥ ኃይል የአራት ነገሮች ብዜት ነው፦ የሚሠሩት ገጾች ቁጥር፣ የልባሱ የሰበቃ መጠን፣ ሞላው የሚጨምቅበት ኃይልና የዲስኩ አማካይ ሬዲየስ። ለምሳሌ ያህል፣ ሁለት ገጽ፣ 0.3 የሰበቃ መጠን፣ 6,000 ኒውተን ግፊትና 0.1 ሜትር ሬዲየስ ብንወስድ ውጤቱ 360 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ሞተሩ 280 ኒውተን ሜትር ቢያመነጭ ወደ 29 በመቶ የሚጠጋ ትርፍ አለ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቱርቦ ይገባል። የስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ የቱርቦን ሐሳብ በ1905 ቢያስመዘግብም፣ ለገበያ በቀረቡ የቤት መኪኖች ላይ የታየው በ1962 በአሜሪካ ነው። የ2005ቱ ቮልስዋገን ጎልፍ ጂቲአይ 280 ኒውተን ሜትሩን ከ1,800 እስከ 5,000 ዙር ድረስ ሳያቋርጥ ይሰጥ ነበር። የቀድሞው ባለ ተራ አየር ሞተር ከፍተኛውን ጠምዛዥ ኃይል በአንድ ጠባብ የዙር ክልል ብቻ ሲደርስበት፣ ይህኛው ገና ከታች ጀምሮ ፍሪሲዮኑን ሙሉ ሸክም ያሸክመዋል። በተጨማሪም የቱርቦው ግፊት በኮምፒውተር የሚመራ በመሆኑ አንድም ቡሎን ሳይፈታ በሶፍትዌር ብቻ ጉልበቱን ወደ 350 ኒውተን ሜትር ማድረስ ተቻለ። በምሳሌያችን ፍሪሲዮን ላይ ይህ ሲሆን ትርፉ ከሦስት በመቶ በታች ይወርዳል። ሸራው ጥቂት ሲሞቅ ወይም ሲያልቅ መንሸራተቱ አይቀርም። ስለዚህም ፍሪሲዮን ሲመረጥ መጠየቅ ያለበት የፈረስ ጉልበቱ ሳይሆን ከፍተኛው ጠምዛዥ ኃይል ነው።

ከአራቱ መንገዶች ሬዲየሱ በካምቢዮው ቤት ስፋት የተወሰነ ነው። የቀሩት ሦስቱ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ዕዳ አለባቸው። ግፊቱን በአንድ አራተኛ ብናሳድግ አቅሙ 450 ኒውተን ሜትር ይሆናል፤ ሆኖም ፔዳሉ ሊከብድ፣ ሸክሙም በገፊው ኩሽኔታና በሞተሩ ክራንክ ላይ ሊያርፍ ይችላል። የሰበቃውን መጠን ወደ 0.4 ብናሳድግ አቅሙ 480 ይደርሳል። ለዚህ የሚያገለግለው በሙቀት የተጣመረ የብረት ዱቄት ነው፤ ሙቀትንም እጅግ ይችላል። ነገር ግን በቁርጥራጭ መልክ የተሠራው ዓይነት ሲይዝ በድንገት ይይዛል፣ በዝግታ ጉዞ ይንቀጠቀጣል፣ ፍላይዊሉንም ይበላል፤ የመቶ ዓመቱ ቆዳ ለበስ ሾጣጣ ጠባይ በሌላ ልብስ ተመልሶ መጣ ማለት ይቻላል። ገጾቹን ወደ አራት ብናበዛ፣ የሄል-ሾውን መንገድ ብንከተል ማለት ነው፣ አቅሙ 720 ይሆናል፤ ዋጋውም አብሮ ይንራል።

ዕድሜና ሙቀት

እስካሁን የተናገርነው ስለ መያዝ ነው። ዕድሜን የሚወስነው በአብዛኛው ሙቀት ነው። 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ወደ 23 ኪሎ ጁል የሚጠጋ የእንቅስቃሴ ጉልበት ያገኛል፤ ፍሪሲዮኑ እስኪይዝ ድረስም በግምት ይህንኑ ያህል ጉልበት በሸራው ላይ ወደ ሙቀት ይለወጣል። በዳገት ላይ ይበልጣል። የውድድር መኪና በአንድ ውድድር ጥቂት ጊዜ ብቻ ከቆመበት ይነሣል፤ በከተማ መጨናነቅ ውስጥ የሚውል መኪና ግን ይህን በአንድ ጠዋት ብዙ ጊዜ ይደጋግመዋል። ለውድድር የተሠራ ፍሪሲዮን በከተማ ዕድሜው የሚያጥረው፣ ነጂው ንቅጥቅጡን ለማለዘብ ሲል ፔዳሉን አጋማሽ ላይ ይዞ ስለሚቆይ ጭምር ነው።

ስለዚህ ጉልበቱ በአንድ አራተኛ ያህል ለጨመረ የዕለት መኪና እኔ የምመክረው የሚከተለውን ነው። ሸራው ሙሉ ክብ የሆነ፣ አስቤስቶስ የሌለበት የቃጫ ውህድ ወይም ኬቭላር የተቀላቀለበት ይሁን፤ ዲስኩ መሐሉ ላይ ንዝረት የሚያበርዱ ሞላዎች ይኑሩት፤ ግፊቱ በመጠኑ ከፍ ብሎ ከሞተሩ እውነተኛ ጠምዛዥ ኃይል በላይ ከ25 እስከ 30 በመቶ ትርፍ ይስጥ። ከዚያ በላይ ትርፍ መግዛት ጥቅም የለውም፤ የማይንሸራተት ፍሪሲዮን ድንገተኛውን ምት በቀጥታ ወደ ካምቢዮው ጥርሶች ያሳልፋልና። ጉልበቱ እጅግ የጨመረ እንደሆነ ከብረት ዱቄቱ ይልቅ ባለ ሁለት ዲስኩ ይመረጣል።

ፍላይዊሉም ከምርጫው አይነጠልም። ከ1985 ጀምሮ በገበያ የዋለው በሁለት የተከፈለ ፍላይዊል በመካከሉ ባሉት ሞላዎች የሞተሩን ንዝረት ያፍናል። በአንድ ወጥ ብረት ሲተካ የሚሰበር ነገር ይቀንሳል፤ ንዝረቱ ግን ወደ ካምቢዮው ያልፋል፣ መኪናው ቆሞ ሲሠራም የጥርሶች ኳኳታ ይሰማል። በመጨረሻም በሥራው ላይ ገፊው ኩሽኔታ አብሮ ይቀየር፤ የሞተሩ የኋላ ዘይት መከላከያ ይመርመር፤ አዲሱ ሸራ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ሙሉ ጉልበት ሳይጫንበት ይለማመድ።

ክቡራትና ክቡራን፤ በዚህ ንግግር ያየናቸው ቆዳው፣ ጨርቁ፣ አስቤስቶሱና የብረት ዱቄቱ ሁሉም በየዘመናቸው «ጠንካራ» ተብለው ተሸጠዋል። ተማሪዎቼ በጋራዥም ሆነ በቤተ ሙከራ ይህን ቃል በሰሙ ጊዜ ሦስት ጥያቄዎችን እንዲያስከትሉ አደራ እላለሁ፦ ለምን ያህል ኃይል? በምን ዓይነት መንገድ ላይ? ዋጋውንስ የሚከፍለው የትኛው ክፍል፣ የትኛውስ ሰው ነው?