ከማጋዝ እስከ መጋበዝ፦ ፈረንሳይኛ ተናጋሪው የካናዳ ገጠር

እ.ኤ.አ. በ1755 የእንግሊዝ ጦር ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹን አካዲያውያን ከርስታቸው ነቅሎ በመርከብ ማጋዝ ጀመረ። ከግዞቱ ካመለጡት ከፊሎቹ ዛሬ በኒው ብራንዝዊክ ግዛት በሚገኘው የአካዲያ ልሳነ ምድር ተጠለሉ። ማኒቶባም በ1890 የፈረንሳይኛን ሕጋዊ ደረጃ ሻረች፤ ኦንታሪዮ በ1912 ቋንቋውን በትምህርት ቤቶቿ ገደበች።

የ1969ኙ ሕግ ሁለቱን ቋንቋዎች በፌዴራል ደረጃ ቢያስተካክልም፣ ከኬቤክ ውጭ የፈረንሳይኛ ተናጋሪው ድርሻ ማሽቆልቆሉ አልቆመም። በ2025 መንግሥት ለስድስት ማኅበረሰቦች አዲስ መንገድ ዘረጋ፦ ፈረንሳይኛ የሚችልና በዚያው ከታወቀ አሠሪ ሥራ ያገኘ ባዕድ ለቋሚ ነዋሪነት ያመለክታል። ያ ልሳነ ምድር ከስድስቱ አንዱ ነው።

የመጤው ዕጣ ፈንታ በአሠሪው ፈቃድ ላይ መንጠልጠሉ ሊያሳስበን ይገባል። ታሪኩ ግን ገዢዎችን ሁሉ ይመክራል፦ ቋንቋን በአዋጅ ማዳከም ይቻላል፤ ያዳከሙትን ለማቃናት ግን አዋጅ ብቻውን አይበቃም፣ ሰው ያስፈልጋል።